መልስ፦ ከወሊድ በኋላ ለሚመጣ ድብርት ቡድን ይበቃል?

እህትሽ ከወለደች 3 ወሯ ነው፤ የእናቶች ቡድን መድኃኒትን ይተካል ወይ ብለሻል። ድብርቱ ቀላል ወይም መካከለኛ ከሆነ ሊበቃ ይችላል። ግን ቡና ላይ መጨዋወት ብቻውን ሕክምና አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለድብርት ያዘጋጀው የቡድን ሕክምና በሳምንት አንዴ ለ90 ደቂቃ ያህል፣ 8 ጊዜ ነው፤ አባላቱ ከ6 እስከ 10። እያንዳንዷ የድብርቷን መነሻ ትለያለች፦ ሐዘን፣ ጠብ፣ የኑሮ ለውጥ ወይስ ብቸኝነት? ከዚያ በየሳምንቱ በዚያው ላይ ትሠራለች። ቡድኑ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አወያይዋ ምክር ማዝነብ ስትጀምር ነው። የባል ዘመድ እዚያው ካለችማ ማን አፉን ይከፍታል? ሕፃኑን ይዛ መግባት መቻሏንም አስቀድመሽ ጠይቂ።

ራሷን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባት፣ ወይም ሌላው የማይሰማው ድምፅ ከሰማች፣ ቡድን አይጠበቅም፤ ብቻዋን ሳትተዋት ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰጃት። እንደ ሰርትራሊን ያለ የድብርት መድኃኒት ቢታዘዝላት አብዛኛውን ጊዜ ማጥባቷን አያስቆምም።