የልጅ ቀለብ እንዲሻሻል ለምትፈልጉ፦ ጥያቄና መልስ

ጠበቃዋ፦ በቤተሰብ ጉዳይ ለዓመታት ጥብቅና ቆሜአለሁ። ከቀድሞ የትዳር አጋር ጋር የቀለብን መጠን እንደገና ስለመነጋገር ጠይቁኝ። አስቀድሜ ግን፦ አዲሱ ስምምነት በጽሑፍ እስኪሰፍር ወይም ፍርድ ቤት እስኪወስን ድረስ የቆየውን ክፍያ አታቋርጡ።

የአንድ ልጅ አባት፦ ከሥራ ከተቀነስኩ ሁለት ወር ሆነኝ። እናቱ በስልክ «እስክትቋቋም የቻልከውን ላክ» ብላኛለች። ይህ አይበቃም?

ጠበቃዋ፦ አይበቃም፣ ወንድሜ። ቅንነቷን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን በፍርድ ቤት የተወሰነ ቀለብ በስልክ ቃል አይቀነስም። ስትስማሙ የቀረው ገንዘብ ስትጣሉ ውዝፍ ሆኖ ይመጣል። ብዙ ፍርድ ቤቶች ደግሞ ማሻሻያውን ማመልከቻው ከቀረበበት ቀን ወደ ኋላ አይወስዱትም። ስለዚህ ሁለቱ ወራት እያለፉብህ ነው። ዛሬውኑ ጻፍላት።

እናት፦ ከአራት ዓመት በፊት የተወሰነልን ቀለብ አሁን ግማሹን ወጪ እንኳ አይሸፍንም። ከየት ልጀምር?

ጠበቃዋ፦ ከደብተር። ይህን ስል የማልታክተው ውጤቱን በዓይኔ ስላየሁ ነው። አንዲት ደንበኛዬ ባለ ካሬ ደብተር ይዛ መጣች። በየወሩ የሚወጣው በአንድ ዓምድ፣ በዓመት አንዴ የሚመጣው በሌላ፣ ድንገተኛው በሦስተኛው፤ ደረሰኙ በየገጹ ተሰፍቷል። የልጁ ጫማ በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፤ ቁጥሩ ጭምር ተጽፏል። አባትየው ሊከራከር ተዘጋጅቶ ነበር የመጣው። ገጾቹን ሲያገላብጥ የአስም መድኃኒቱ መስመር ላይ ደረሰና ጣቱ እዚያው ቆመ። «በየወሩ መሆኑን አላውቅም ነበር» አለ። ከዚያ በኋላ የተነጋገሩት ስለ ልጁ ብቻ ነበር።

«ኑሮ ተወደደ» ብለሽ አትጀምሪ፤ እርሱም ተወዶበታል። የሦስት ወር ወጪ መዝግቢ፤ ከአራት ዓመት በፊት ያልነበረውን ለይተሽ አሳዪው። ስትስማሙም መጠኑ በየዓመቱ በተወሰነ ቀን እንዲታይ የሚል አንቀጽ አስገቢ፤ ያለዚያ ከአራት ዓመት በኋላ ይኸው ጥያቄ ይጠብቅሻል።

የተጨነቀ፦ ስንት ልክፈል?

ጠበቃዋ፦ ገቢህ ስንት ነው? የእናትየውስ? ልጆቹ ስንት ናቸው? ከማን ጋር ያድራሉ? ይህን ሳልሰማ ቁጥር አልናገርም።

ልጄን የናፈቅኩ፦ ልጄን አታገናኘኝም። ታዲያ ለምን እከፍላለሁ?

ጠበቃዋ፦ ቀለቡ የልጅህ ስለሆነ። ልጅን ማየት ራሱን የቻለ መብት ነው፤ ለእርሱ ለብቻው አመልክት። ክፍያህን ግን አታቋርጥ።

ሌላ አባት፦ እኛ የምንልከው ለልጁ መዋሉን ማን ያረጋግጣል? እርሷ የቤት ኪራይ ነው የምትከፍልበት!

እናት፦ ልጁ በረንዳ ላይ ይደር?

ሌላ አባት፦ እንደዚያ አልወጣኝም። ሒሳብ ይቅረብ ነው ያልኩት።

እናት፦ አንተስ ለሊቱን ሙሉ ትኩሳቱን ስትለካ ያደርክበትን ሒሳብ አቅርብ!

ጠበቃዋ፦ ሁለታችሁም እረፉ። ኪራይም መብራትም የልጁ ወጪ ነው። ወጪውን ማወቅ የሚፈልግ አባት ግን ጥፋት የለበትም፤ ደብተሩን ያነሳሁትም ለዚህ ነው።

ከሩቅ፦ የልጆቼ አባት ሌላ አገር ገብቷል። እዚያ ሄዶ ሊያስቀንስብኝ ይችላል?

ጠበቃዋ፦ ሁለቱ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2007 ዘ ሄግ ላይ የተፈረመውን የልጅ ቀለብ ስምምነት የተቀበሉ መሆናቸውን አጣሪ። ከተቀበሉና ውሳኔው የተሰጠው አንቺ በምትኖሪበት አገር ከሆነ፣ አንቺ እዚያው እስካለሽ ድረስ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር በሌላ አገር ማሻሻያ መጠየቅ አይችልም። እ.ኤ.አ. የ1989 የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 27 ወላጅ ውጭ አገር ቢሆንም ቀለቡ እንዲሰበሰብ መንግሥታት እርምጃ እንዲወስዱ ያስገድዳል። ርቀት ግዴታን አያስቀርም።

አዲስ ጎጆ፦ ሌላ ልጅ ተወልዶልኛል። ይቀነስልኛል?

ጠበቃዋ፦ ከግምት ሊገባ ይችላል። የመጀመሪያው ልጅ ግን አይሰረዝም።

ባለ መኪና፦ በጋራ የገዛነው መኪናስ?

ጠበቃዋ፦ ያ የንብረት ክፍፍል ነው፤ እዚህ አንገባበትም።

የተጨነቀ፦ እስክንስማማ ክፍያውን ለጊዜው ባቆምስ?

ጠበቃዋ፦ ይህን ስናገር ሦስተኛዬ ነው። አታቁም! ሙሉውን ካልቻልክ የቻልከውን በባንክ ላክ፤ ምክንያቱን ጻፍ፤ በዚያው ሳምንት አመልክት።

የአንድ ልጅ አባት፦ ልጽፍላት ተቀምጬ ቃላት አጠረኝ። ምን ልበል?

ጠበቃዋ፦ እንዲህ በላት፦ «ከሥራ የተቀነስኩት በዚህ ቀን ነው፤ ደብዳቤው ተያይዟል። እስከ ሦስት ወር ድረስ ይህን ያህል መክፈል እችላለሁ፤ ሥራ እንዳገኘሁ እነግርሻለሁ፤ መጠኑንም እንደገና እናየዋለን። ከተስማማሽ በጽሑፍ መልሺልኝና ለፍርድ ቤቱ አብረን እናቅርበው።» ስላለፈው ትዳራችሁ አንድም ቃል አትጨምር። ከመላክህ በፊት ደብዳቤው መያያዙን አረጋግጥ።