መልስ፦ ለጅማ የቧንቧ ውሃ የትኛው ማጣሪያ ይሻላል?

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ዝናብ በጣለ ቁጥር የቧንቧ ውሃዎ እንደሚደፈርስና ውዱን የሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ (ውሃን በግፊት እጅግ ረቂቅ ቀዳዳ ባለው ስስ ሽፋን የሚያሳልፍ መሣሪያ) ለመግዛት እንዳሰቡ ጽፈዋል፤ እባክዎ አይቸኩሉ። ይህ መሣሪያ በተለይ የሚያስፈልገው እንደ ፍሎራይድ ያሉ በውሃ የሟሙ ነገሮችን ለመቀነስ ሲሆን፣ ፍሎራይድ ደግሞ በዋናነት የስምጥ ሸለቆ ችግር ነው። የእርስዎ ስጋት ደለልና፣ ውሃ ሲቋረጥ በተሰነጠቀ ቧንቧ የሚገባው ጀርም ነው። ለዚህ ባለ ሴራሚክ ሻማ ማጣሪያ፣ ማለትም ውሃው ሻማ በሚመስል ረቂቅ ቀዳዳ ባለው ሸክላ ውስጥ አልፎ የሚጣራበት ዕቃ፣ ይበቃዎታል፤ ሆኖም ቫይረስን በአስተማማኝ ሁኔታ ስለማያስቀር፣ የተጣራውን ውሃ ያፍሉት ወይም «ውሃ አጋር» የተባለውን የውሃ ማከሚያ ክሎሪን ይጨምሩበት። እንደደፈረሰ ከጨመሩበት ክሎሪኑ በቆሻሻው ላይ ይባክናል። ሻማው ቡናማ ጭቃ ለብሶ ውሃው ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር፣ ያለ ሳሙና በለስላሳ ብሩሽ ይጠቡት፤ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካዩበት ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይቀይሩት።