ለገና ፈቃድ ስትጠይቁ ሕጉ የቱን ያውቅላችኋል?

በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖች፣ ሃይማኖትም ንግግርም በመጀመሪያው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ስለተጠበቁ ብቻ ፍርድ ቤት ሁለቱን በአንድ ሚዛን ይመዝናል ብላችሁ አትገምቱ። መንግሥት ንግግርን በይዘቱ ምክንያት ሲከለክል ፍርድ ቤቶች ክልከላውን እጅግ አጥብቀው ይፈትሹታል፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የአገሪቱን ባንዲራ በተቃውሞ ያቃጠለ ሰው እንኳ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ረትቷል። በዓመቱ ግን ይኸው ፍርድ ቤት፣ ፔዮቴ የተባለውን አደንዛዥ ቁልቋል በአምልኮ ሥርዓት ላይ ወስደው ከሥራ የተባረሩ ሁለት የኦሪገን ሰዎች የሥራ አጥ ድጎማ በጠየቁበት ክርክር፣ አንድ ሕግ ሃይማኖትን ለይቶ ሳያጠቃ ሁሉንም እኩል እስከተመለከተ ድረስ አምልኮን ቢያደናቅፍም ይጸናል ሲል ፈረደባቸው። ኮንግረስ በ1993 ይህን ለማረም ሕግ ቢያወጣም፣ ሕጉ ክፍላተ ግዛቶችን እንደማያስገድድ በ1997 ተወሰነ። ፍርድ ቤቱ በቅርብ ዓመታት ወደ ሃይማኖት ቢያዘነብልም የ1990ውን ውሳኔ አልሻረውም።

በግል ድርጅት ለምትሠሩ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሕገ መንግሥቱ የሚያስረው መንግሥትን ስለሆነ፣ በፌስቡክ በጻፋችሁት የፖለቲካ አስተያየት አሠሪ ቢያባርራችሁ በአብዛኞቹ ግዛቶች የመናገር ነፃነት አያድናችሁም። ሃይማኖታችሁን ግን የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ፣ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት ሁሉ ይጠብቅላችኋል። ለረጅም ጊዜ ጥቂት ወጪ እንኳ ለሃይማኖት የተጠየቀን ፈቃድ ለመከልከል ለአሠሪው በቂ ሰበብ ይሆነው ነበር፤ በ2023 ግን፣ እሑድ አልሠራም ባለ የፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ፣ አሠሪው እምቢ ለማለት በሥራው ላይ ከባድ ጫና እንደሚደርስበት ማሳየት እንዳለበት፣ ባልደረቦች ለሃይማኖት ያላቸው ጥላቻም ከጫና እንደማይቆጠር ተወስኗል።

ስለዚህ ጃንዋሪ 7 ለገና ወይም አርብ ለጁምዓ መቅረት ስትፈልጉ «ታምሜአለሁ» አትበሉ፤ ይህ የብዙዎቻችን ልማድ ውሸት ከመሆኑም በላይ ያላችሁን መብት በገዛ እጃችሁ ያስጥላችኋል። «ባህላችን ነው» ማለትም ብዙ አይረዳም፤ ሕጉ የሚያውቀው እምነትን ነው። ለማናጀራችሁ ሳምንታት ቀደም ብላችሁ በኢሜይል «ጃንዋሪ 7 የሃይማኖቴ በዓል ስለሆነ መሥራት አልችልም፤ በምትኩ የሌላ ቀን ሺፍት እሸፍናለሁ» ብላችሁ ጻፉ፤ መልሱንም አስቀምጡ። ከከለከሏችሁ ወይም ከቀጧችሁ፣ ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን አቤት የሚባለው በ180 ቀን፣ በብዙ ግዛቶች ደግሞ በ300 ቀን ውስጥ ስለሆነ፣ «እስቲ ይለፍ» እያላችሁ ቀኑን አታሳልፉ።