የስንብት ክፍያው የራስሽ ነው፤ ጠይቂው

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። እንግሊዝ አገር ስድስት ዓመት የሠራሽበት የልብስ ማጠቢያ ድርጅት ከስሮ ተዘግቷል። አሠሪሽ የሚከፍልሽ ስለሌለው የስንብት ክፍያውን ከመንግሥት እንድትጠይቂ ተነግሮሻል። አጎትሽ ግን «የመንግሥት ገንዘብ ከነካሽ ወረቀትሽ ይበላሻል» ስላሉሽ ማመልከቻውን ሳትሞዪ ሁለት ወር አለፈሽ።

አጎትሽ ለአንቺ አስበው ነው፤ ግን ተሳስተዋል። ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ እኔም ሥራ ቤቴ የተዘጋ ጊዜ አብራኝ የነበረች ልጅ በዚሁ ፍርሃት ሳትጠይቅ ቀነ ገደቡ አልፎባታል። የዘጠኝ ዓመት ላቧ ነበር።

እስኪ የደሞዝ ወረቀትሽን አውጪና «ናሽናል ኢንሹራንስ» (የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ) የሚለውን መስመር እዪው። ከአንቺ የተቆረጠውም፣ አሠሪሽ በበኩሉ ያዋጣውም የገባው ወደ ናሽናል ኢንሹራንስ ፈንድ ነው። አሠሪ ሲከስር ስንብቱን የሚከፍለው ይኸው ፈንድ ነው። ከዚያ መንግሥት በአንቺ እግር ተተክቶ ከድርጅቱ ቀሪ ንብረት የከፈለውን ይጠይቃል። የስንብት ክፍያ በብሪታንያ ከ1965 ጀምሮ በሕግ የቆመ መብት ነው። ታዲያ ይሄ ልመና የሚሆነው በምን መንገድ ነው?

ስለ ወረቀትሽም ልንገርሽ። የመኖሪያ ፈቃድሽ የሚከለክላቸው ድጎማዎች በኢሚግሬሽን ሕጉ ስም በስም ተዘርዝረዋል። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለው ለዝቅተኛ ገቢ የሚሰጠው ድጎማ አለበት፣ የቤት ኪራይ ድጎማ አለበት፤ የስንብት ክፍያ ግን የለበትም።

ብዙ ገንዘብ ግን አትጠብቂ። ከ22 እስከ 40 ዓመት ዕድሜ ለተሠራ ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት የአንድ ሳምንት ደሞዝ ነው፤ በ23 ዓመትሽ ስለጀመርሽ የስድስት ሳምንት ታገኛለሽ፣ ያውም ሕጉ ለሳምንቱ ደሞዝ ካስቀመጠው ጣሪያ ሳያልፍ። ያልተከፈለሽን ደሞዝ እስከ 8 ሳምንት፣ ያልወሰድሽውን የዓመት ፈቃድ እስከ 6 ሳምንት አብረሽ ጠይቂ። የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያው፣ ማለትም ቀድሞ ሳይነገርሽ ስለተሰናበትሽ የሚከፈልሽ፣ በሌላ ማመልከቻ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ፦ በዚያ ጊዜ ልታገኚው ትችዪ የነበረውን የሥራ ፈላጊ አበል፣ ባታመለክቺም እንኳ፣ ከክፍያው ይቀንሱታል። በመዋጮ ላይ የተመሠረተው የሥራ ፈላጊ አበል ደግሞ ለአንቺ አይከለከልም፤ ስለዚህ ዛሬውኑ አመልክቺ።

በኤጀንሲ የተገኘውን የመጋዘን ሥራ ያዢው። አዲስ ደሞዝ ከማስጠንቀቂያው ክፍያ ይቀነሳል እንጂ ስንብቱን አይነካውም። በአክስትሽ ልጅ የተጠየቅሽውን የመኪና ብድር ግን እምቢ በዪ፤ ቢቀየሙሽ ይቀየሙሽ። የስድስት ሳምንት ደሞዝ ለሌላ ሰው መኪና ቅድመ ክፍያ ሲሆን አንቺ በምን ቤት ኪራይ ልትከፍዪ ነው?

ኮርስ ወይስ የቫን ሹፌርነት ላልሽው፣ እኔ ኮርሱን እመርጥልሻለሁ። በስንብቴ የማታ የሒሳብ አያያዝ ተምሬ ነው ከኩሽና ወጥቼ ደሞዝ ክፍል የገባሁት። የፈረቃ መዝገብ ትይዥ እንደነበር ጽፈሽልኛል፤ ያ ቀላል ልምድ አይደለም።

ቀነ ገደቡ ከተሰናበትሽበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ነው፤ አራት ወር ቀርቶሻል። በኢንተርኔት ለመሙላት የድርጅቱ አጣሪ የሚሰጥሽ የመዝገብ ቁጥር ያስፈልግሻል። እስካሁን ካልላከልሽ ነገ ጠዋት ደውዪለት።