ከክረምት በኋላ አልነሳ ያለ የውሃ ሞተር፦ ለአዲስ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት

በውጭ አገር የምትኖሩ የሰሜን ሸዋ ልጆች፣ በጥቅምት ወይም በኅዳር ወር ከሸዋ ሮቢት፣ ከአጣዬ ወይም ከበሬሳ ወንዝ ዳር ተደውሎላችሁ «የላካችሁልን የውሃ ሞተር ክረምቱን ከርሞ ሞተብን» የተባላችሁ ጥቂት እንዳልሆናችሁ አውቃለሁ። እኔም ተብያለሁ። በሚኒሶታ የጀልባ ሞተር በሚጠገንበት ጋራዥ 11 ዓመት ስሠራ፣ ሐይቁ ቀልጦ ሰው ጀልባውን ወደ ውሃ በሚመልስበት ወቅት ወደ እኛ ከሚመጡት እንቢተኛ ሞተሮች የሚበዙት የተበላሹ ሳይሆኑ ቤንዚን በሆዳቸው ይዘው የከረሙ ነበሩ። ይህንን ለባለ ጀልባዎች ስመክር የኖርሁ ሰው፣ ለገዛ ታናሽ ወንድሜ አንዲት ቃል ሳልነግረው ቀርቼ ለሁለተኛ ሞተር ገንዘብ ላክሁ። ለገና አገር ቤት ስገባ የመጀመሪያውን ከጎተራው ጀርባ አገኘሁትና ፈትቼ ባጸዳሁት በግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ ገመዱ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሳብ ተነሣ። ወንድሜ ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም።

ቤንዚን በቆመበት ያረጃል። ቀላሉ ክፍሉ ተንኖ ሲሄድ የሚቀረው እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ነው፤ ይህም ቤንዚንና አየር ከሚቀላቀሉበት ክፍል፣ ከካርቡሬተሩ፣ ሥር ባለችው ትንሽ ጽዋ ውስጥ ተቀምጦ ቤንዚን የሚያልፍበትን እጅግ ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናል። ለዚህ አንድና ሁለት ወር ሊበቃ ሲችል፣ የእኛ ሞተር ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ሥራ ፈትቶ ይቆማል። ስለዚህ ቤተሰቦቻችሁ ገመዱን እየሳቡ ከመድከማቸው በፊት፣ አሮጌውን ቤንዚን ከማሳውና ከጉድጓዱ ርቀው በጀሪካን ያውጡት፤ የጽዋዋን ቡሎን ፈትተው ያጽዷት፤ ቀዳዳዋንም ከኤሌክትሪክ ሽቦ በተመዘዘ አንድ ቀጭን የመዳብ ክር ይክፈቷት። በመርፌ የሚወጉ አሉ፤ መርፌ ግን ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ሞተሩም ከዚያ ወዲያ ቤንዚን የሚጠጣና ጥቁር ጭስ የሚተፋ ይሆናል።

የቀረው የሞተሩ ክፍል ብዙ አያስቸግርም። ዘይቱ ይቀየር፤ ከ5 እስከ 6 የፈረስ ጉልበት ላላቸው የተለመዱት ሞተሮች ከግማሽ ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ዘይት ይበቃል፤ የወጣው ዘይት ወተት መስሎ ከታየ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ወጥቶ በቀዳዳው ጥቂት ዘይት ይንጠባጠብና ገመዱ በዝግታ ይሳብ፤ አልንቀሳቀስ ካለ በጉልበት አይታገሉት። የአየር ማጣሪያውን ከፍተው ይዩ፤ አይጥ በክረምት ከዚያ የተሻለ ቤት አታገኝም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በውሃው በኩል ነው። ፓምፑ ከመነሣቱ በፊት ሆዱ በውሃ መሞላት አለበት፤ ደረቁን ከሠራ በውስጡ ያለው የውሃ መከላከያ ጎሚኒ በአጭር ጊዜ ተቃጥሎ ማፍሰስ ይጀምራል። መምጠጫው ቱቦ በክረምት ከተሰነጠቀ አየር ይስባል እንጂ ውሃ አያመጣም፤ ወንዝ ውስጥ የሚገባው ወንፊትም ሙሉ በሙሉ ካልሰጠመ እንዲሁ ነው። ከዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ ይጨመርበታል። ፓምፕ ውሃን ወደ ላይ የሚያመጣው በአየር ግፊት ኃይል ስለሆነ፣ በባሕር ጠለል በስሌት 10 ሜትር ያህል የነበረው አቅም ወደ 1,300 ሜትር ከፍታ ባለው ሸዋ ሮቢት ከ9 ሜትር በታች፣ ወደ 2,800 ሜትር በሚጠጋው ደብረ ብርሃን ደግሞ 7 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በተግባር የሚገኘውም ከዚህ ያነሰ ነው። ሞተሩ ራሱ በስሱ አየር ስለሚተነፍስ ጉልበቱ በደጋው በሩብ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ሞተሩን ወደ ውሃው አስጠግቶ ሽቅብ ማስገፋት እንጂ ከሩቅ ማስመጠጥ አያዋጣም።

ይህንን ስል ግን አንድ ነገር እንዳይሳሳትብኝ እፈራለሁ፤ ማስጠጋት ማለት ወደ ጉድጓድ ማውረድ አይደለም። የቤንዚን ሞተር ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት፤ ይህ መርዝ በጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ሲጠራቀም የወረደውን ሰው በደቂቃዎች ይገድለዋል፣ ሊያወጣው የሚወርደውንም እንዲሁ። ጉድጓዱ ከ6 ሜትር በላይ ከጠለቀ የሚያስፈልገው ከውሃው ውስጥ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው፤ ገንዘብ መላክ ካለባችሁ ለእርሱ ላኩ።

ለመጪው ዓመት ደግሞ በግንቦት መጨረሻ ደውሉላቸው። የቤንዚኑን መዝጊያ ዘግተው ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ያሠሩት፤ የፓምፑን የታች ቡሎን ከፍተው ውሃውን ያፍስሱ። የሚኒሶታ ብርድ በሞተር ውስጥ የቀረን ውሃ አርግቶ ብረት ይሰነጥቃል፤ የደብረ ብርሃን ውርጭ ባቄላ ያቃጥላል እንጂ እዚያ አይደርስም፣ ዝገት ግን እዚህም አለ። በእንጨት ላይ ይቀመጥ፤ ከማዳበሪያ ጆንያ አጠገብ ፈጽሞ አይሁን፤ ማዳበሪያ እርጥበት እየሳበ ብረት ይበላልና።

ለእረፍት ስትመጡ በሻንጣ የሚያዘው ቀላል ነው፦ ሁለት ካንዴላ፣ የካርቡሬተር ጎሚኒዎች፣ የፓምፑ የውሃ መከላከያ ጎሚኒ። አስቀድማችሁ በሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ሳህን ፎቶ አንሥተው እንዲልኩላችሁ ጠይቁ፤ እኔ ሞዴሉን በግምት ገዝቼ የመጣሁት ጎሚኒ ዛሬም በወንድሜ ቤት ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል።