ታቦር ላይ እንሽላሊት ፎቶ ስለማንሳት ለጠየቅሽው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ ይህ ነው፦ ጠዋት ሐዋሳ ታቦር ተራራ ላይ፣ ከዚያም በፍቅር ሐይቅ ዳር ስትሄጂ እንሽላሊት በየድንጋዩ ታያለሽ፤ ልታነሺው ስትጠጊ ይሰወራል፤ የያዝሽው ፎቶም ደብዝዞ ይወጣል፤ ስለዚህ ካሜራ ልግዛ ወይ ብለሻል። ለጊዜው አትግዢ። በያዝሽው ስልክ ጥሩ ፎቶ ይወጣል፤ መጀመሪያ መስተካከል ያለበት ሰዓትሽና አካሄድሽ ነው።

እንሽላሊት የሰውነቱን ሙቀት ከፀሐይ ስለሚያገኝ ጎህ ሲቀድ ብትወጪ ስንጥቁ ውስጥ ነው። ሐዋሳ ላይ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ምርጡ ጊዜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል ነው። ያኔ ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ ጎኑን ለፀሐይ ሰጥቶ ይሞቃል፤ ሞቆ እስኪጠግብ ቦታውን መልቀቅ አይወድም። ብርሃኑም ገና ለስላሳ ነው። ከ5 ሰዓት በኋላ ድንጋዩ ሲግል ወይ ጥላ ይገባል፣ ወይ ሰውነቱ ስለተፍታታ ገና ከሩቅ ሲያይሽ ይፈተለካል። ከሰዓት በኋላ ወደ 10 ሰዓት ገደማ እንደገና ብቅ ይላል። ክረምት ላይ ደግሞ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ ያለችውን ግማሽ ሰዓት አታሳልፊያት።

አሁን ዋናው፣ አቀራረቡ። ቀጥ ብሎ፣ ዓይን ዓይኑን እያየ የሚመጣ ነገር ለእንሽላሊት አዳኝ ነው። ስለዚህ ከ10 ሜትር አካባቢ እንዳየሽው ቁሚና አንድ ፎቶ አንሺ፤ ምንም ባይሆን መረጃ ይሆናል። ከዚያ እያለፍሽው እንደምትሄጂ ሆነሽ በሰያፍ ቅረቢ። ሦስት እርምጃ፣ ቆም፣ በልብሽ እስከ 20 ቁጠሪ፣ እንደገና ሦስት እርምጃ። ስልኩን አስቀድመሽ ደረትሽ ላይ ያዢው፤ ብዙ ጊዜ የሚያስበረግገው በመጨረሻዋ ሰዓት የሚነሳው እጅ ነው። ፀሐይ ከኋላሽ ስትሆን ጥላሽ የት እንደሚወድቅ ተመልከቺ። ጥላሽ ከነካው አለቀ፤ ጭልፊት በላዩ እንዳለፈ ነው የሚቆጥረው።

ራሱን ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ፣ በፊት እግሮቹ ብድግ ዝቅ ማለት ከጀመረ አይቶሻል ማለት ነው። ወንዱ አጋማ (ድንጋይና ዛፍ ላይ የሚሞቀው የእንሽላሊት ወገን) ይህንን ለሌላ ወንድም ያደርጋል፤ አንቺ ላይ ካደረገው ግን እዚያው ቁሚ። ሲረጋጋ ሆዱን መልሶ ድንጋዩ ላይ ያስተኛል፤ ያኔ ቀጥዪ።

ቢሸሽም አትከተዪው። የሚሞቅባት ድንጋይ የራሱ ናትና ከ3 ሜትር ራቅ ብለሽ ቁጭ በዪ፤ ብዙ ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ይመጣል፣ ያኔም ካንቺ ጋር ለምዷል። በሐይቁ ዳር ዋርካና ግራር ላይ የሚወጣው፣ ወንዱ ራሱ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ትልቁ የዛፍ አጋማ ደግሞ ግንዱን ዞሮ ከጀርባ ይደበቃል። ሁለት ከሆናችሁ አንዳችሁ በቀስታ በሌላኛው በኩል ዙሩ፤ ራሱ ዞሮ ካሜራው ፊት ይመጣል። ግንዱን መምታት ግን አያስፈልግም፤ ወደ ላይ ወጥቶ ይጠፋል።

የፎቶሽ መደብዘዝ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ሁለት ነው። አንደኛው በጣት የሚጎተተው ዙም ነው፤ ምስሉን ቆርጦ ከማተለቅ በቀር የሚጨምረው ነገር የለም። ስልክሽ የራሱ የ2 ወይም የ3 እጥፍ ሌንስ ካለው እሱን ተጠቀሚ፤ ከሌለው በመደበኛው አንሺና በኋላ ቤትሽ ቁረጪው። ሁለተኛው ፎከሱ ከፊት ያለችው የሣር ዘለላ ላይ ወይም ከኋላ ያለው ድንጋይ ላይ መያዙ ነው። ዓይኑ ላይ ነክተሽ ጣትሽን ሳታነሺ እስኪቆለፍ ያዢ፣ ከዚያ ብርሃኑን ትንሽ ዝቅ አድርጊው፤ የድንጋዩ ነጸብራቅ ቅርፊቱን እንዳያነጣው። ክርንሽን መሬት ወይም ጉልበትሽ ላይ አሳርፊ፣ ደጋግመሽም አንሺ። ከላይ ቁልቁል የተነሳ እንሽላሊት የተረገጠ ይመስላል፤ ሌንሱን ከዓይኑ እኩል አውርጂው። ከመንበርከክሽ በፊት ጉንዳንና እሾህ እንዳይኖር እዪ።

ወደፊት ካሜራ ከያዝሽ ከ70–300 ሚሊሜትር የሚያቀርብ ሌንስ ይበቃል። ሹተር (ፎቶው የሚነሳበት ፍጥነት) 1/500 ሰከንድ፣ ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ f/8፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) በራሱ ሆኖ ጣሪያው 1600። በ300 ሚሊሜትር ከ1.5 ሜትር ስታነሺ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት ከ1 ሳንቲሜትር በታች ነው፤ ስለዚህ ፊት ለፊት ካነሳሽው አፍንጫው ጠርቶ ዓይኑ ይደበዝዛል። ጎኑን ከካሜራሽ ትይዩ አድርጊና ከራሱ እስከ ጭራው ይጠራል። ቆዳው እንደ ተወለወለ የሚያብረቀርቀውን፣ በጎንና በጎኑ መስመር ያለበትን ለስላሳውን እንሽላሊት ግን በጥላ ወይም ደመና ሲሆን አንሺው፤ በቀጥታ ፀሐይ ነጭ ነጥብ ብቻ ይወጣል።

የግድግዳ እንሽላሊት ቀላሉ ነው፤ ማታ በረንዳ መብራት ሥር ነፍሳት ሊለቅም ይመጣል። ፍላሽ አጥፊና ጓደኛሽ ባትሪ ከጎን ይያዝልሽ፤ የቆዳው ጉብታ ያን ጊዜ ነው የሚታየው።

እስስትን ማታ በባትሪ ማግኘት ይቀላል፤ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነጣ ብሎ ይተኛል። ሁለት ሦስት ፎቶ ይበቃል፣ ከዚያ እንዲተኛ ተዪው። ቀን ላይ ደግሞ ቀለሙ ከጠቆረና አፉን ከከፈተ ፈርቷል፤ ተመለሺ። ከቅርንጫፉ አትንቀዪው፤ አጥብቆ ስለሚይዝ ጣቶቹ ይጎዳሉ። መርዝ የለውም፤ ልጆች በድንጋይ ሊመቱት ሲሮጡ ካየሽ ያነሳሽውን ፎቶ በስልክሽ አሳዪአቸው፣ ዓይኑ ለየብቻ ሲዞር ቪዲዮ ካለሽ ደግሞ የበለጠ ነው።

አርጃኖ፣ ውሃ ዳር የሚኖረው ትልቁ እንሽላሊት፣ እስከ 2 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ይነክሳል፣ በጭራውም ይገርፋል፤ ቢያንስ 5 ሜትር ራቂለት። ለእሱ ብለሽ ግን ውሃ ውስጥ አትግቢ፤ ሐይቁ ቢልሃርዝያ አለበት። ሸምበቆው ዳር ማለዳና ምሽት ጉማሬ ይወጣል፤ ብቻሽን አትሂጂ። ጀልባ ከተከራየሽ ባለጀልባው ሞተሩን ራቅ ብሎ እንዲያጠፋ አስቀድመሽ ንገሪው።

ታቦር ላይ ድንጋይ ብትገለብጪ እንደነበረው መልሺው፤ ጥላው የእንሽላሊቱ መኖሪያ ነው። ስንጥቅ ውስጥ እጅ አይገባም፣ ጊንጥም እባብም አለ። በእጅ መያዝም ይቅር፤ ለስላሳውና የግድግዳው ሲያዙ ጭራቸውን ጥለው ይሄዳሉ፤ እስኪያበቅሉት ወራት ይፈጃል፣ እዚያ ውስጥ ያከማቹት ስብም አብሮ ይሄዳል።

ዝርያውን እንድንለይልሽ ከፈለግሽ አንድ ቆንጆ ፎቶ አይበቃንም። ጎኑን፣ ራሱን ከላይ፣ ጉሮሮውንና የኋላ እግር ጣቶቹን ለየብቻ አንስተሽ፣ ድንጋይ ላይ ነበር ወይስ ዛፍ ላይ፣ ስንት ሰዓት እንደነበር ጨምረሽ እዚሁ ለጥፊው።