የጥርስ ሐኪም ልቀይር ነው፤ የተጀመረው ጥርሴስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ጅማ ነው። እኔም ባለቤቴም ለብዙ ዓመታት ጥርሳችንን የምንታከመው አንድ ሐኪም ዘንድ ነው። የአባቴ የዕድር ጓደኛ ናቸው፤ ቀጠሮ ሳልይዝ እንኳ ብሄድ አይመልሱኝም። ከሦስት ወር በፊት በቀኝ በኩል የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ እንቅልፍ ሲነሳኝ ነርቩን ገድለው በጊዜያዊ ሙሌት ዘጉልኝና ቀጠሮ ሰጡኝ። ሕመሙ ስለተወኝ ሳልመለስ ቀረሁ። በቅርቡ ጓደኛዬ ወደ ሌላ ክሊኒክ ወሰደችኝ። እዚያ ያለችው ወጣት ሐኪም የተጀመረው ጥርስ እንደገና ይከፈት፣ ሌሎች አራት ጥርሶችም ተበልተዋልና ይሞሉ አለችኝ። የድሮው ሐኪሜ ግን ሁልጊዜ «ጥርስሽ ደህና ነው» ነበር የሚሉኝ። ማንን ልመን? ብቀይርስ እሳቸውን አላስቀይምም? ኤክስሬዬም እሳቸው ጋ ነው። የደም ግፊት ክኒን እወስዳለሁ። የ7 ዓመት ልጄንስ ወደ የትኛው ልውሰዳት?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ይሉኝታው ትንሽ ይቆይና ከጥርሱ ልጀምር፤ እሱ ጊዜ አይሰጥም።

ሕመሙ የተወዎት ጥርሱ ስለዳነ አይደለም። የሚያመው ነርቭ ስለወጣ ወይም ስለሞተ ነው። ሕክምናው ገና ግማሽ ላይ ነው ያለው። የታችኛው ትልቁ መንጋጋ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሥሮች አሉት፤ በሥሮቹ ውስጥ ደግሞ ሦስት ወይም አራት ቀጫጭን ቦዮች ይገኛሉ። እያንዳንዱ ቦይ ተጠርጎ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ እስከ ጫፉ ድረስ ካልተሞላ ሥራው አላለቀም። ከላይ የተደረገልዎት ጊዜያዊ ሙሌት የሚቀመጠው ለጥቂት ሳምንታት ነው። ከዚያ በኋላ ቆሎ በተቆረጠመ፣ ሥጋ በታኘከ ቁጥር ጠርዙ እየተሸራረፈ ምራቅ ያሰርጋል፤ ከምራቁ ጋር ተህዋስያኑ ተመልሰው ይገባሉ። ነርቭ ስለሌለ ግን መጀመሪያ ላይ ምንም ላይሰማዎት ይችላል።

ስለዚህ አዲሷ ሐኪም «እንደገና ይከፈት» ማለታቸው የቀድሞው ሐኪም አበላሽተዋል ማለት አይደለም። በሦስተኛው ወር ወደ እሳቸው ቢመለሱም ኖሮ መክፈታቸው አይቀርም ነበር። አንዳንድ ታካሚ ይህን ሲሰማ «ሁለቴ ሊያስከፍሉኝ ነው» ብሎ ይቆጣና ጥርሱን ለሌላ ሦስት ወር ይተወዋል። ያኔ የሚቀረው ማስነቀል ይሆናል።

ዋጋ ሲጠይቁ ታዲያ የቦዩን ሥራ ብቻ ለይተው አይጠይቁ። ነርቩ የወጣ መንጋጋ ጥርስ ብዙ አካሉን ስላጣ በማኘክ ጉልበት ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ሥር ድረስ ከወረደ ደግሞ ማንም አያድነውም። ለዚህ ነው አብዛኛውን ጊዜ ከቋሚ ሙሌቱ በላይ ሽፋን፣ ማለትም ክራውን፣ የሚያስፈልገው። የቦዩ፣ የቋሚ ሙሌቱና የክራውኑ ዋጋ አንድ ላይ ይነገርዎት። ገንዘቡ ካልሞላ ክራውኑን ትንሽ ቆይቶ ማሠራት ይቻላል፤ ቦዩን ክፍት መተው ግን አይቻልም።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚሁ ልጨምር። ከመንጋጋዎ በታች ወይም አንገትዎ ላይ እብጠት ከወጣ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ አፍዎ አልከፈት ወይም ምራቅ መዋጥ አልቻል ካለዎት፣ የትኛውን ክሊኒክ ልምረጥ የሚለው ነገር ይቅርና በዚያው ዕለት ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። እንዲህ ያለው እብጠት የመተንፈሻ መንገድ ሊዘጋ ይችላል።

ወደ አራቱ ጥርሶች ልምጣ። አንዱ «ደህና ነው» ሲል ሌላው «አራት ተበልቷል» ማለቱ ለሰሚው ውሸት ይመስላል። በእኛ ሙያ ግን ይህ የተለመደ ነው። የጥርስ መበላት መጀመሪያ ቀዳዳ የለውም፤ በላይኛው ጠንካራ ሽፋን ላይ እንደ ኖራ የነጣ ምልክት ብቻ ነው። ሁለት ጥርሶች በሚነካኩበት ቦታ ላይ ከሆነ ደግሞ በመስታወትና በመብራት ብቻ አይታይም፤ ኤክስሬይ ይፈልጋል። በመስታወት ያየው ሐኪም ደህና ነው ቢል፣ ኤክስሬይ ያነሳው ደግሞ አይደለም ቢል ሁለቱም ያዩትን ነው የተናገሩት። በዚያ ላይ ሐኪም ከሐኪም ይለያያል፤ ገና የጀመረውን እየተከታተለ የሚጠብቅ አለ፣ ፈጥኖ የሚሞላም አለ።

እኔ ጠባቂዎቹ ጋ ነኝ። መበላቱ ከላይኛው ሽፋን ካላለፈና ሽፋኑ ካልተቦረቦረ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙናና ስኳር በመቀነስ ባለበት ሊቆም ይችላል። አንዴ የተቦረቦረ ጥርስ ግን ዕድሜ ልኩን ሙሌት ሲቀየርለት ይኖራል። ከሽፋኑ አልፎ ወደ ውስጥ የገባ ከሆነ ደግሞ መጠበቅ ዋጋ ያስከፍላል፤ የተከፈተው ጥርስዎም እንዲሁ ተጠብቆ ሳይሆን አይቀርም እዚህ የደረሰው።

አራቱን ሳላይ መፍረድ አልችልም። አንድ ነገር ግን ያድርጉ፤ «የትኞቹ ናቸው? ያሳዩኝ። ቀዳዳ ነው ወይስ ቀለም? ስድስት ወር ብንጠብቀው ምን ይሆናል?» ብለው ይጠይቁ። ቡናና ጫት ባለበት ከተማ በመንጋጋ ጥርስ ማኘኪያ ገጽ ላይ ያሉት የተፈጥሮ ስንጥቆች መጥቆር ብርቅ አይደለም፤ የጠቆረ ሁሉ አልተበላም። ልጅነትዎን ወንጂ፣ መቂ ወይም ሌላ የስምጥ ሸለቆ ከተማ አሳልፈው ከሆነም ይንገሯቸው። የዚያ አካባቢ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ጥርስን ቡናማ ያደርጋል፤ ቀለሙ የሚቀረው ከሕፃንነት ጀምሮ ነው እንጂ መበላት አይደለም። ሐኪሟ ጥያቄዎን በትዕግሥት መልሰው፣ ኤክስሬዩን አሳይተው፣ «መጀመሪያ የተከፈተውን እንጨርስ፣ ቀጥሎ ጥልቁን፣ ይሄኛውን ግን እንከታተለው» ካሉዎት ጥሩ እጅ ላይ ወድቀዋል። አራቱንም ዛሬውኑ ካልሞላሁ ካሉ ግን ሌላ ሰው ያማክሩ። ጅማ በዚህ ዕድለኛ ናት፤ የጥርስ ሐኪሞችን የሚያሠለጥን ዩኒቨርሲቲ አላት። እዚያ ተማሪ ሊያይዎት ይችላል፣ ወረፋውም ሊያሰለች ይችላል፤ ነገር ግን ከተማሪው ጀርባ መምህሩ ቆሞ ያያል።

ካርድዎ ላይ የሚጻፉትን ቁጥሮች ማንበብ ቢችሉ የሁለቱን ሐኪሞች ቃል ራስዎ ማመሳከር ይችላሉ። ቁጥሩ ሁለት አሐዝ ነው። የመጀመሪያው የአፍዎን ሩብ ይነግራል፤ 1 የላይ ቀኝ፣ 2 የላይ ግራ፣ 3 የታች ግራ፣ 4 የታች ቀኝ ነው። ቀኝ ሲባል የእርስዎ ቀኝ ነው፤ የሐኪሙ አይደለም። ሁለተኛው አሐዝ ከፊት መሐል ወደ ኋላ ሲቆጠር ስንተኛው ጥርስ እንደሆነ ያሳያል። ስድስተኛው የመጀመሪያው ትልቅ መንጋጋ ነው። ስለዚህ የእርስዎ የተከፈተ ጥርስ 46 ወይም 47 ሊሆን ይችላል። ከቁጥሩ አጠገብ «አርሲቲ» የሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ካሉ የቦይ ሕክምና ማለት ነው።

የደም ግፊቱን ነገር በመጨረሻ ነው የጠቀሱልኝ፤ እኔ ግን አዲሷ ሐኪም ስለ እሱ ጠይቀዎት እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ወንበር ላይ ከመተኛትዎ በፊት ስለ መድኃኒትዎ ያልጠየቀ ሐኪም እንዲጠይቅ ያድርጉት፤ ክኒኑን በቦርሳ ይዘው ሄደው ያሳዩ። አምሎዲፒን ከሆነ በአንዳንድ ሰው ላይ ድድ ያሳብጣል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ሲያጥበው ቢውል ለውጥ አያይም። ማደንዘዣው ውስጥ ጥቂት አድሬናሊን አለ፤ ግፊትዎ በቁጥጥር ሥር ከሆነ አያስፈራም። ከ180/110 በላይ ከሆነ ግን የማያጣድፍ ሥራ ይዘገያል። በቀጠሮው ቀን ክኒንዎን እንደ ወትሮው ይዋጡ። እግረ መንገዴን ለሌሎች አንባቢዎችም ልንገር፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ ስኳር ያለበት፣ የልብ ቫልቭ የተቀየረለት፣ ለልብ ሕመም በየወሩ ፔኒሲሊን የሚወጋ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ሁሉም ይናገር። ደም የሚያቀጥነውን በራስ ውሳኔ ማቋረጥም አይገባም።

ክሊኒኩን ሲመርጡ ወንበሩ አዲስ መሆኑና ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን መኖሩ አያታልልዎት። እኔ የማየው እጅና ዕቃ ነው። ዕቃዎቹ ከታሸገ ከረጢት ፊትዎ ሲወጡ ካላዩ «ይህ በአውቶክሌቭ የወጣ ነው?» ብለው ይጠይቁ። አውቶክሌቭ ተህዋስያንን የሚገድል ማሽን ነው፤ ዕቃዎቹን በግፊት እንፋሎት በ121 ዲግሪ ቢያንስ 15 ደቂቃ፣ ወይም በ134 ዲግሪ 3 ደቂቃ ያህል ያቆያል። በድስት ማፍላት ወይም በአልኮል መጥረግ ይህን አይተካም፤ የጉበት በሽታ ቢ በማይታይ የደም ጠብታ ይተላለፋል። ጥያቄው የሚያስቀይመው ሐኪም ካለ ይቀየም።

አሁን ይሉኝታው። ታካሚ ሐኪም ይቀይራል፤ እኛም እናውቀዋለን። ቅር የሚለን ታካሚው ዝም ብሎ ጠፍቶ በዕድር ቀን ፊቱን ሲያዞርብን ነው። ደውለው ወይም ጎራ ብለው «ጋሼ፣ ያቺን ጥርስ ሳላስጨርስ ቀረሁ፤ አሁን ሌላ ቦታ ልጨርሳት ነው። ኤክስሬዋንና ያደረጉልኝን በአጭሩ ቢጽፉልኝ» ይበሏቸው። በቃ፤ ሰበብ መደርደር አያስፈልግም። ወረቀቱ ላይ የጥርሱ ቁጥር፣ የተሠራበት ቀን፣ የትኞቹ ቦዮች እንደተገኙና ውስጥ የተቀመጠው መድኃኒት ቢጻፍ አዲሷ ሐኪም ከባዶ አይጀምሩም። ኤክስሬዩ ትንሿ ፊልም ከሆነች መስኮት ላይ ለጥፈው በስልክዎ ፎቶ ያንሷት፤ በኮምፒውተር ከሆነ በቴሌግራም ይላኩልዎት። ባያገኙትም አይጨነቁ፣ አዲስ ማንሳት ይቻላል፤ የአንድ ጥርስ ኤክስሬይ ጨረር ከተፈጥሮ በአንድ ቀን ከምናገኘው አይበልጥም።

ደግሞም «ለምን አልተመለስሽም? ነገ ነይ፣ እጨርስልሻለሁ» ሊሉዎት ይችላሉ። እሱም መጥፎ አይደለም። ያንን ጥርስ በዚህ ሳምንት ቀጠሮ የሚሰጥዎ ይጨርሰው፤ ለሌላው ቀስ ብለው ይወስኑ።

ልጅዎ የግድ እርስዎን ተከትላ መሄድ የለባትም። የድሮውን ሐኪም ሳትፈራ አፏን የምትከፍትላቸው ከሆነ እዚያው ትቆይ፤ በ7 ዓመት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ ማታ ግን በስልክዎ መብራት አፏን ይዩ። ከፊት መሐል ወደ ኋላ ሲቆጥሩ ስድስተኛውን ጥርስ ያገኛሉ። በስድስት ዓመት አካባቢ ከወተት ጥርሶቹ ኋላ ምንም ሳይነቀል የሚወጣው እሱ ነው። አብዛኛው ወላጅ የወተት ጥርስ መስሎት «ይነቀላል» ብሎ ይተወዋል፤ እሱ ግን ቋሚ ነው፣ ምትክም የለውም። የማኘኪያ ገጹ ስንጥቅ ሳይበላ በሲላንት፣ ማለትም በቀጭን መከላከያ ሽፋን፣ ሊደፈን ይችላል፤ ሐኪሙን ይጠይቁ። ማታ ማታ የአተር ፍሬ በምታህል የጥርስ ሳሙና እርስዎ ራስዎ ይቦርሹላት፤ አረፋውን ትትፋ እንጂ በውኃ ብዙ አትጉመጥመጥ። ስድስተኛው ላይ ቀዳዳ ካዩ ትምህርት ቤት እስኪዘጋ አይጠብቁ።